ስሜን ላይ ያነሳሁት ፓኖራማ ለምን ተሰባበረ? የቱንስ ልግዛ? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄው፦ «ስሜን ተራሮች ሄጄ እመት ጎጎ አናት ላይ ፓኖራማ አነሳሁ። በስልኬ ያነሳሁት አድማሱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ አንዱ ጭላዳ ደግሞ ሁለት ራስ አውጥቷል። በካሜራዬ (24 ሜጋፒክስል ነው፣ አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስ ነው ያለኝ) ዙሙን 24 ላይ አድርጌ አግድም ይዤ 5 ፎቶ አንስቼ ግማሽ ክብ ገደማ ሸፈንኩ፣ ኮምፒውተር ላይ ስገጣጥማቸው ግን እግሬ ስር ያለው ድንጋይ ተሰባብሮ ነው የሚታየው፣ ሰማዩ ላይም ቁልቁል የወረዱ ጠቆር ነጣ ያሉ መስመሮች አሉ። አንዱ ጓደኛዬ ሰፊ ሌንስ ካልገዛህ አይሆንም ይለኛል፣ ሌላው 360 ካሜራ ግዛ ይላል፣ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ የፓኖራማ ሄድ የግድ ነው ሲሉ ሰማሁ። አባቴ የተወለዱት ደባርቅ ነው፣ አሁን ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው መሄድ አይችሉም፣ ሳሎናቸው ውስጥ 2 ሜትር አድርጌ ልሰቅልላቸው ነው ሀሳቤ። የቱን ልግዛ?»

ምንም አትግዛ። ለአባትህ የምትሰቅለው ፎቶ አሁን ሚሞሪ ካርድህ ውስጥ አለ፣ ከነዛው ከ5ቱ ፎቶዎች ነው የሚወጣው፣ እንዴት እንደሚወጣ እነግርሃለሁ። ከዛ በፊት ግን አንተ «ተሰባበረ» ብለህ አንድ ላይ ያሰርከው ነገር አራት የተለያየ ችግር ነው። ድንጋዩ የተሰበረበት ምክንያት ሌላ፣ ሰማዩ የተሸነተረበት ሌላ፣ አድማሱ የተጠማዘዘበት ሌላ፣ ጭላዳው ሁለት ራስ ያወጣበትም ሌላ። ከነገሩህ እቃዎች ውስጥ ለዚህ ፎቶ የሚረዳው የፓኖራማ ሄዱ (ትራይፖድ ላይ ታስሮ ካሜራው በትክክለኛው የሌንስ ነጥብ ላይ እንዲዞር የሚያደርገው እቃ) ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ከአራቱ አንዱን፣ አንተ በቆምክበት ቦታ በአንድ ክር የሚፈታውን ነው የሚፈታው።

ከድንጋዩ ልጀምር፣ ዋናው እሱ ስለሆነ። ሶፍትዌሩ አበላሸብኝ ብለህ ከሆነ አይደለም፣ የማይገጥም ነገር ተሰጥቶት ነው። አሁን ይሄን እያነበብክ ሞክረው። አንድ ዓይንህን ጨፍን፣ ክንድህን ዘርግተህ አውራ ጣትህን ከበሩ ወይም ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር አስተካክለህ ያዝ፣ ከዛ ጣትህን ሳታነቃንቅ ፊትህን ብቻ ቀስ ብለህ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙር። ጣትህ ቆሞ እያለ በበሩ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ታያለህ። ምክንያቱም ዓይንህ ከአንገትህ ፊት ነው ያለው፣ አንገትህ ሲዞር ዓይንህ ከመዞሩ በተጨማሪ ቦታም ይቀይራል፣ ቦታ ከቀየረ ደግሞ የቅርቡ ነገር በሩቁ ላይ የሚያርፍበት ቦታ አብሮ ይቀየራል። ፓራላክስ የሚሉት ይሄንን ነው፣ ያንተን ድንጋይ የሰበረውም እሱ ነው።

ካሜራውን ዓይንህ ላይ ለጥፈህ በእግርህ ስትዞር ሌንሱ ከምትዞርበት መሃል 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ፊት ወጥቶ ነው የሚዞረው። ያንተ አይነት ካሜራ (ሴንሰሩ፣ ማለትም ውስጡ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው የተለመደው መጠን ነው ብዬ ነው) 24 ላይ አግድም ሲያዝ ወደ 50 ዲግሪ ያያል፣ በ5 ፎቶ ግማሽ ክብ ከሸፈንክ በየፎቶው 30 ዲግሪ ያህል ዞረሃል፣ በ30 ዲግሪ ዙር ደግሞ ሌንሱ 10 ሳንቲ ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። አሁን ሂሳቡን እይልኝ። ፎቶህ ላይ 1 ዲግሪ ማለት 120 ፒክስል ነው። እግርህ ስር 1 ሜትር ተኩል ላይ ያለው ድንጋይ በነዚህ 10 ሳንቲ ሜትሮች ምክንያት ከጀርባው ካለው ተራራ አንፃር ወደ 450 ፒክስል ይንሸራተታል። 15 ሜትር ላይ የቆመች ጅብራ (ደጋ ላይ ቀጥ ብሎ የሚበቅለው ረጅም ተክል) 45 ፒክስል ትንሸራተታለች። 100 ሜትር ላይ ያለ አፋፍ ወደ 7 ፒክስል። 3 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ተራራ ግን ሩብ ፒክስል እንኳን አይሞላም፣ ይሄን ደግሞ የሰው ዓይን ቀርቶ ሶፍትዌሩም አያየውም። ስለዚህ ተራሮቹ ምንም አልሆኑም፣ ገደሉም ምንም አልሆነም፣ የተበላሸው ከታች ያለው ድንጋይና ሳር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ጥሩ ተራራ ይዞ ድንጋይ ስለተሰበረበት ሙሉውን ያጠፋዋል፣ በጣም ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ነገር ላርም። ካሜራው መዞር ያለበት «ኖዳል ፖይንት» ላይ ነው ሲሉ ሰምተህ ይሆናል፣ ስሙ ተለምዷል ግን ትክክለኛው ቦታ ሌላ ነው። ከፊት ሆነህ ወደ ሌንሱ ውስጥ ስታይ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ያለበት የሚመስልህ ቦታ አለ አይደል፣ እሱ ነው። ካሜራው ጀርባ ወይም አናት ላይ ያለው የሴንሰር ምልክት አይደለም፣ የትራይፖዱ ብሎን የሚገባበትም ቦታ አይደለም፣ ዙም ባደረግክ ቁጥርም ቦታው ይቀየራል። ትራይፖድ ላይ ሰክቼ ስላዞርኩ ችግር የለም የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ትራይፖዱ የእጅ መንቀጥቀጥን ያስቀራል እንጂ ሌንሱ አሁንም ከመሃሉ ወጣ ብሎ ነው የሚዞረው። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ፓሪስ ይኖር የነበረው ፍሬድሪክ ቮን ማርቴንስ ካሜራው ቆሞ ሌንሱ ብቻ በራሱ ላይ የሚዞርበት መሳሪያ ሰርቶ 150 ዲግሪ ገደማ የሚሆን የፓሪስ እይታ በአንድ የጎበጠ የብረት ሳህን ላይ ያነሳ ነበር። የዞረው ሌንሱ ነው፣ ሰውየው አልዞረም፣ አንተም ማድረግ ያለብህ ይሄንኑ ነው።

ወደ ሰማዩ ስንመጣ ምክንያቱ አውቶማቲኩ ነው። ካሜራህ ወደ ፀሐይ በኩል ሲዞር አይ በዛ ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ወደ ጥላው ገደል ሲዞር ደግሞ ይጨምራል፣ ዋይት ባላንሱም (የቀለም ማመጣጠኛው) በራሱ ስለሆነ አንዱ ፎቶ ሰማያዊ ሌላው ቢጫ ቢጫ ይላል፣ እነዚህን ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው መጋጠሚያቸው እንደ ተጣፈ ጋቢ ይታያል። በዛ ላይ ከካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌንስ ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ ፎቶ ነው የሚያነሳው፣ ስለዚህ በየመጋጠሚያው አንድ ጥቁር መስመር ትጠብቃለህ። ፖላራይዘር ፊልተር ጭነህ ከነበረ ደግሞ አውልቀው፣ ሰማይ በፖላራይዘር በጣም የሚጠቁረው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ጎን ላይ ነው፣ ለአንድ ፎቶ ያምራል፣ ለግማሽ ክብ ግን መሃል ላይ ጥቁር እድፍ ይጥልብሃል፣ እሱን ደግሞ ምንም ሶፍትዌር አያፀዳልህም።

አድማሱና ጭላዳው ቀላል ናቸው። ስልክ ፓኖራማ ሲያነሳ የሚያደርገው አንተ ስታዞረው ከመሃሉ ቀጫጭን ስትሪፕ እየቆረጠ ጎን ለጎን መለጠፍ ነው፣ እጅህ ትንሽ ከፍ ዝቅ ካለ አድማሱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጭላዳውም አንዱ ስትሪፕ ላይ ከታየ በኋላ አንገቱን ካዞረ ቀጣዩ ስትሪፕ ላይ ድጋሚ ይመጣል። በዛ ላይ ስልክህን ክንድህን ዘርግተህ ነው የምትይዘው፣ ማለትም ሌንሱ ከመሃልህ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው የሚዞረው፣ ከካሜራህ ሶስት እጥፍ የባሰ ነው። የስልኩን ፓኖራማ ለአባትህ በስልክ አሳያቸው፣ 2 ሜትር ግን እንዳታሳትመው።

አሁን በእጅህ ያለውን እናድን። ሁጊን የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ዊንዶውስ ላይም ማክ ላይም ሊኑክስ ላይም ይሰራል፣ ክፍያም የለው። ላይትሩም ወይም ፎቶሾፕ ካለህ እነሱም ይገጣጥማሉ፣ ግን ላንተ አይነት ችግር ሁጊን ይሻላል ምክንያቱም እጅህን አስገብተህ እንድታስተካክል ይፈቅድልሃል። የማይክሮሶፍቱን አይሲኢ አውርድ የሚልህ ሰው ካለ እሱ በጊዜው ጥሩ ነበር፣ ማይክሮሶፍት ራሱ ማቅረብ ካቆመ ቆይቷል፣ ከየትም ሳይት አውርደህ ኮምፒውተርህን ቫይረስ እንዳታስገባበት።

አምስቱን ፎቶ ሁጊን ውስጥ ክፈት። ሁለት ፎቶ ላይ ተመሳሳይ የሆኑ መገጣጠሚያ ነጥቦችን ራሱ ይፈልጋል፣ ከዛ ነው የአንተ ስራ የሚጀምረው። ነጥቦቹን አንድ በአንድ እያቸው፣ ድንጋዩ ላይ፣ ሳሩ ላይ፣ ጅብራው ላይ፣ ደመናው ላይ ያረፉትን ሁሉ አጥፋቸው፣ ተራራና የሩቅ ገደል ላይ ያሉትን ብቻ ተው። ይሄ ነው ቁልፉ። ሶፍትዌሩ ለሁሉም ነጥብ እኩል ነው የሚፈርደው፣ ድንጋዩ 450 ፒክስል ተንሸራትቷል ተራራው ቆሟል ብሎ አያውቅም፣ ሁለቱንም ለማስታረቅ ሲል ተራራውንም ጭምር ያጣምምብሃል። የቅርቡን ነጥብ ስታጠፋ ተራራው በትክክል ይገጥማል፣ ድንጋዩ ይሰበራል፣ የተሰበረው ድንጋይ ደግሞ ተቆርጦ ይወጣል። ቀጥሎ የብርሃን ማስተካከያው ጋ ግባና ዋይት ባላንስን ጨምሮ እንዲያስተካክል እዘዘው፣ በየፎቶው ያለውን የብርሃን ልዩነትም የሌንሱን የጠርዝ ጥቁረትም ያመጣጥነዋል፣ መስመሮቹ አብዛኞቹ ይጠፋሉ። አብዛኞቹ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ በፀሐይ በኩል ያለው ፎቶ ላይ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ከጠፋ በተለይ በጄፔግ ካነሳኸው ሰማያዊውን ከየትም አያመጣውም፣ ያንን ጫፍ መተው ነው ያለብህ። በራው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሳህ ትንሽ ይመለሳል።

አድማሱን የሚያቀና አንድ በተን አለ፣ ተጫነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ባህር ላይ ቢሆን ቀጥ ያለ አድማስ አለህ፣ ከተማ ውስጥ ቢሆን የህንፃ ማዕዘን አለህ፣ እመት ጎጎ ላይ ግን ሁሉም ነገር ወጣ ገባ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ምኑን ይዞ ያቅናው? ስለዚህ በዓይንህ ነው የምትጨርሰው፣ ፕሪቪው ላይ ይዘህ ትንሽ ትንሽ ጎትተው፣ ጅብራዎቹ ቀጥ ብለው እስኪቆሙ። የሚጠይቅህ የፕሮጀክሽን (ክቡን ወደ ጠፍጣፋ ፎቶ የሚዘረጋበት መንገድ) አይነት ላይ ሲሊንድሪካል የሚለውን ምረጥ። ሬክቲሊኒየር የሚለው ቀጥ ያለን መስመር ቀጥ አድርጎ ያቆያል፣ ግን ከ100 ዲግሪ ሲያልፍ ጫፎቹን እንደ ማስቲካ ይለጥጣቸዋል፣ ተራራ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ስለሌለው ሲሊንድሪካል ምንም አይጎዳህም።

እና ግማሽ ክቡን በሙሉ አትስቀለው። ሙሉው ከ20,000 ፒክስል በላይ ርዝመት ይኖረዋል፣ ቁመቱ ግን ከላይ ከታች ሲቆረጥ 2,800 ገደማ ቢቀርህ ነው፣ 2 ሜትር ላይ ሲታተም ቁመቱ 27 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነገር ይወጣል፣ መቀነት ነው የሚመስለው፣ ከሶፋው ማዶ ሲታይ ተራራው የጉንዳን ያህል ነው የሚሆነው። ሁሉንም ልያዝ ማለት የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው፣ እኔም ዓመታት ፈጅቶብኛል። ከውስጡ 100 ዲግሪውን ብቻ ምረጥ። 100 ዲግሪ ሲባዛ በ120 ፒክስል 12,000 ፒክስል ይሆናል፣ 2 ሜትር ላይ በኢንች 150 ነጥብ ማለት ነው፣ ቁመቱም 47 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ለግድግዳ 300 ነጥብ ያስፈልጋል የሚሉህ የመጽሔት ህግ ነው፣ መጽሔት 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዘህ ነው የምታነበው፣ ግድግዳ ላይ ያለን ፎቶ ግን ሰው ከ1 ሜትር ተኩል አካባቢ ነው የሚያየው፣ ከዛ ርቀት ጤነኛ ዓይን በኢንች ከ60 ነጥብ ብዙም አልፎ አይለይም። 150 ካለህ እንግዳ ተነስቶ ቀርቦ ቢያየው እንኳን አያሳፍርም።

እዚህ ላይ እቃዎቹን አንድ በአንድ ልመልስ። ሰፊ ሌንስ፣ ለምሳሌ 10-18፣ 10 ላይ አድርገህ አንድ ፎቶ ብታነሳ 96 ዲግሪ ገደማ ይይዝልሃል፣ ግን ስፋቱ 6,000 ፒክስል ብቻ ነው፣ አሁን ያለህ ግማሽ፣ ጫፍ ላይ ያሉ ተራሮችን ይለጥጥብሃል መሃል ያሉትን ያሳንስብሃል። ቤት ውስጥ ጠባብ ክፍል ለማንሳት ጥሩ ሌንስ ነው፣ ለዚህ ግን ገንዘብ ከፍሎ ወደ ኋላ መመለስ ነው። 360 ካሜራ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ባሉ ሁለት ዓሳ ዓይን ሌንሶች ዙሪያውን በአንዴ ያነሳል፣ ፈጣን ነው፣ ሰውና እንስሳ ለሚንቀሳቀስበት ቦታ እወደዋለሁ፣ ግን ቁጥሩን እይ፦ 6,720 በ3,360 ፒክስል የሚሰጥ ጥሩ የሚባል 360 ካሜራ ብትገዛ እንኳን ያ 6,720 ለ360 ዲግሪ የተከፋፈለ ነው፣ አንተ የምትፈልገው 100 ዲግሪ ላይ 1,900 እንኳን አይደርስም። 2 ሜትር ላይ ሲወጠር በኢንች 24 ነጥብ ይሆናል። ስልክ ላይ በጣት እያዞሩ ለማየት እንጂ ለግድግዳ አይደለም።

የፓኖራማ ሄድ ሌላ ነገር ነው፣ እውነተኛ እቃ ነው፣ የግድ የሚሆንበት ቦታም አለ። ላሊበላ ሄደህ ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ላይ ሆነህ ለማንሳት ስትሞክር ይገባሃል። አፋፉ እግርህ ስር ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ጥቂት ሜትር ላይ ነው፣ ጉድጓዱ ወደ 12 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፣ ማዶ ያለው የጉድጓዱ ግድግዳ ደግሞ ከዛም ይርቃል፣ ሁሉም ቅርብ ሁሉም በተለያየ ርቀት። በዛ ላይ ጣራው ላይ ያለው መስቀል ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ አንድ ቦታ 5 ፒክስል ቢሳት ወዲያው ይታያል፣ ሳር ቢሆን ማንም አያይብህም ነበር። እኔ እዛ በእጄ ይዤ ያነሳሁት አንድም አልገጠመልኝም፣ ስንት ሰዓት ተጉዤ ሄጄ ያመጣሁት ስለነበር እስካሁን ይቆጨኛል። የቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የቤት ሳሎን፣ ጠባብ መንገድ፣ እነዚህ ሁሉ ሄድ ይፈልጋሉ። ተራራ ግን አይፈልግም፣ አንተ የቅርብ ነገር ፎቶው ውስጥ እስካላስገባህ ድረስ።

ምናልባት ወደፊት ተመልሰህ ከሄድክ፣ ቢሆንልህ ደስ ይለኛል፣ እንዲህ አድርግ። ክር ያዝ፣ ጫፉ ላይ ብሎን እሰር፣ ግንበኞች የሚይዙትን ቱንቢ ማለት ነው። የክሩን ሌላ ጫፍ ሌንሱ አንገት ላይ፣ ከፊተኛው መስታወት ትንሽ ወደ ኋላ እሰረው፣ ዙሙን የሚያዞረውን ቀለበት እንዳያንቀው ብቻ። ብሎኑ መሬት ሊነካ አንድ ጣት እስኪቀረው አሳጥረው። መሬት ላይ ቆርኪ አስቀምጥና ብሎኑን በትክክል ቆርኪው አናት ላይ አቁመው፣ ከዛ አንተ ነህ በቆርኪው ዙሪያ በእግርህ የምትዞረው፣ ብሎኑ ከቆርኪው ሳይለቅ። ነፋስ ካለ ከበድ ያለ ብሎን እሰር። መጀመሪያ ቤትህ በር ላይ ተለማመደው፣ በሩ ጠርዝ ጋ እስክሪብቶ አቁመህ ካሜራውን ስታዞር እስክሪብቶው ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ የማይንሸራተትበትን ቦታ እስክታገኝ ክሩን ወደ ፊት ወደ ኋላ አድርገው፣ ስታገኘው በማርከር ምልክት አድርግበት። በዚህ ዘዴ ስህተትህ ከ10 ሳንቲ ሜትር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ቅርቡን ነገር 10 ሜትር ካራቅከው ደግሞ የሚቀረው ከ20 ፒክስል በታች ነው፣ ሳር ውስጥ ሲሆን ይደበቃል።

ካሜራውን ቁም ያዘው፣ አግድም አይደለም። ሰፊ ፎቶ ስለሆነ ሰው ሁሉ አግድም ይይዛል፣ ስፋቱን ግን ከፎቶ ብዛት ታገኘዋለህ፣ ቁመቱን የምታገኘው ካያያዝህ ብቻ ነው፣ ያንተ ፎቶ መቀነት የሆነውም አግድም ስለያዝከው ነው። ዙሙን 35 ላይ አድርግ፣ ቁም ሲያዝ እያንዳንዱ ፎቶ ወደ 24 ዲግሪ ወርድ ይኖረዋል፣ ሲሶውን ካደራረብክ 7 ፎቶ 120 ዲግሪ ገደማ ይሰጥሃል፣ ስፋቱም 20,000 ፒክስል ይሆናል። መደራረቡን ለመለካት ቀላሉ ዘዴ ከቀኝ ጠርዝ ሲሶ ገባ ብሎ ያለ አንድ ነገር መምረጥና እሱ ግራ ጠርዝ ላይ እስኪደርስ መዞር ነው። ውሃ ልክ ያለው ትራይፖድ ካለህ ጥሩ፣ ከሌለህ ካሜራህ ስክሪን ላይ የሚያሳየውን አብራው።

ማኑዋል አድርገው፣ ለድርድር የማላቀርበው ይሄን ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 8፣ ፍጥነቱን ደግሞ በጣም ብሩህ በሆነው የሰማይ ክፍል (ፀሐይዋን ሳይሆን) ለካና እዛው ተወው፣ ጠዋት ላይ 1/250 አካባቢ ይመጣልሃል። ዋይት ባላንሱን የፀሐይ ምልክቱ ላይ አድርግ። ፎከሱን ሩቅ ተራራ ላይ አንዴ ያዝና ወደ ማኑዋል ፎከስ ቀይረው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ ድረስ ምንም አትንካ፣ ዙሙንም ቢሆን። ስልክ ብቻ ከያዝክም ይቻላል፣ የፓኖራማውን ሞድ ተወውና በዋናው ሌንስ (በሰፊው አይደለም) ስልኩን ቁም ይዘህ አንድ በአንድ አንሳ፣ ስክሪኑን በጣትህ ጫን አድርገህ ስትቆይ ብርሃኑና ፎከሱ ይቆለፋል፣ ከዛ ሁጊን ውስጥ ትገጣጥማለህ።

ጭላዳዎች ካሉ መጀመሪያ እነሱ ያሉበትን ፎቶ ብቻ ሶስት አራቴ አንሳ፣ ከዛ ወደ ጎን ቀጥል፣ መጋጠሚያ ላይ እንዳይወድቁ መሃል አድርጋቸው። ስትገጣጥም አንዱን ጥሩ ፎቶ አስቀርተህ ቀጣዩ ፎቶ ላይ ያለውን ጭላዳ በማስክ ትሸፍነዋለህ፣ ሁጊን ውስጥ በማውዝ ዙሪያውን መሳል ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ራስ ይጠፋል። ደመናም እንደዛው ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ 7ቱን ፎቶ ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ጨርስ። በጠዋት ውጣ፣ ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሳው ደመና ገደሉን ይሞላዋል። መስከረምና ጥቅምት ላይ አየሩ ታጥቦ ጥርት ያለ ነው፣ በጋው እየገፋ ሲሄድ አቧራው ሩቅ ያለውን ተራራ ያደበዝዘዋል። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው፣ ብርዱ ባትሪ ይበላል፣ ትርፍ ባትሪህን ጃኬትህ ውስጥ ደረትህ ጋ ያዘው።

እና አደራ፣ ዓይንህን ካሜራ ላይ አድርገህ አንድም እርምጃ እንዳትራመድ። እዛ አፋፍ ላይ ከኋላህም ከጎንህም ገደል ነው። የክሩ ዘዴ በቆርኪው ዙሪያ ያዞርሃል ብያለሁ፣ ስለዚህ ቆርኪውን የምታስቀምጠው ከአፋፉ ቢያንስ 3 ሜትር ገባ ብለህ ነው፣ አብሮህ ያለውን ስካውት (የፓርኩን ታጣቂ ጠባቂ) ደግሞ ከጀርባህ እንዲቆም ጠይቀው። ገባ ስትል ፎቶው ግርጌ ላይ ድንጋይና ሳር ይገባብሃል፣ ይግባ፣ ይቆረጣል።

ህትመቱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ካንቫስ ይሻላል፣ መስታወት ያለው ፍሬም ወይም የሚያብረቀርቅ ስቲከር መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ ከተራራው ይልቅ መጋረጃውን ነው የሚያሳይህ። ማተሚያ ቤት ፋይሉን በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፎቶ ከላክኸው አሳንሶ ነው የሚያደርሰው፣ እንደ ፋይል ላከው ወይ በፍላሽ ውሰድላቸው። ሙሉውን ከማሳተምህ በፊት ከመሃሉ 30 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ቁራጭ በትክክለኛው መጠን አሳትመህ እይ፣ ኮምፒውተር ላይ ብሩህ የነበረው ጥላ ካንቫስ ላይ ድፍን ጥቁር ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ፎቶውን ትንሽ አብርተህ ትመለሳለህ።

100 ዲግሪውን የት ጋ እንደምትቆርጠው ግን አንተ ብቻህን አትወስን። ሙሉውን ግማሽ ክብ ገጣጥመህ ላፕቶፕህን ይዘህ አባትህ ጋ ሂድ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለህ አሳልፍላቸው። ደባርቅ ያደገ ሰው የትኛው ሸንተረር ምን እንደሚባልና በየት በኩል ወደ ማን አገር እንደሚወርድ ያውቃል፣ ላንተ ተራ ጫፍ የመሰለህ ለሳቸው መንገዳቸው ሊሆን ይችላል። ጣታቸው ብዙ ጊዜ የሚያርፍበትን ቦታ መሃል አድርግና ከግራም ከቀኝም 50 ዲግሪ ትተህ ቁረጠው።